የእናቴ ፓፍ በሁዳዴ

እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችኝ። ማርቆስ ዳር ባለችው ጎጇችን ጭሱ መውጫ የለውም፤ ለካ ሳንባዋ ውስጥ ነው ሲያድር የኖረው። ይሄን የነገረን ሐኪሙ ነው። በሽታው አይድንም፣ በመድኃኒት ግን ይያዛል አለ። አፍ ላይ ገጥመው የሚስቡትን፣ እኛ ፓፍ የምንለውን፣ ጠዋትና ማታ እንድትስብ አዘዘላት፤ ጭሱንም ይተዉ አላት።

በወሩ ስንመለስ ብሶባታል። ከበሩ እስከ ወንበሩ ለመድረስ እንኳ ሁለቴ ቆመች። ሐኪሙ እኩያዬ ነው። እሱ ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ከአስተማሪ ተጣልቼ የወጣሁ ነኝ። ገና ሳየው ደሜ ይፈላል።

«እማማ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጠዋትም ማታም?»

«አዎን።»

ደረቷን አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። «እንዲህ ከሆነ ተኝተው ሊታከሙ ነው። ጭሱንም አልተዉም ማለት ነው።»

«ጭሱ ነው ያሳደገኝ!» አልኩት። «አንተ ተዉ ስትል ቀላል ነው። ማን ያብላት?»

«ዝም በል አንተ!» አለችኝ እናቴ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሐኪም ላይ አፍህን አትክፈት!»

እውነቱን ልናገር፣ የተናደድኩት በራሴ ነው። አውቄ ዝም ብያለሁ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ስባ አታውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፏ ምንም አይገባም፣ ፓፉም ቢሆን። እንዳልናገር ደግሞ በማርያም ብላኛለች።

አየኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ማርያም ይቅር ትበለኝ ብዬ አፈረጥኩት።

«ዶክተር፣ ትዋሻለች። ጾም ይገደፍብኛል ብላ ጠዋት አትስብም። ከዘጠኝ በኋላ አንዴ ብቻ ነው።»

ቢስቅ ላንቀው ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ የነፍስ አባትዎን ጠይቀዋል?»

«አፈርኩ ልጄ። ስንቱ አሮጊት እየጾመ እኔ ፍቀዱልኝ ልበል?»

«የኔም እናት እንዲሁ ናት» አለና ወደኔ ዞረ። «ደውልላቸው።»

ደውዬ ድምፁን ለቀቅኩት።

«አባቴ ይፍቱኝ» አለች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ቄሱ ቱግ አሉ። «እንዲህ እያፈነሽ ነው ዝም ያልሽኝ? መድኃኒት እህል ነው እንዴ? ሳቢ! አሁኑኑ፣ እየሰማሁሽ።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አማተበችና ፓፉን ከጉያዋ አወጣች። ሐኪሙ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አሳያት፤ መጀመሪያ ትንፋሽን ማስወጣት፣ ከዚያ እየተጫኑ ቀስ ብሎ መሳብ፣ እስከ አስር ማፈን።

«አሁን አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ።»

«ውሃውን ብውጠውስ?»

«ኧረ ይትፉት እማማ፤ ውሃ አባ አልፈቀዱም።»

ቄሱ ስልኩ ውስጥ ሳቁ። እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ሐኪሙ እናቴን ከልቡ ሲያናግራት ሳይ ጋዋኑም አላናደደኝም።

«እንዲህ ከሳቡ መተኛቱ ይቀራል። ጭሱስ?» አለኝ ስንወጣ።

«እሱን ለኔ ተወው።»

በማግስቱ ድፍድፉን የጣድኩት እኔ ነኝ፤ እሳቱንም ከቤት አውጥቼ ጓሮ። ወንድ ልጅ አረቄ ያወጣል ብለው መንደርተኛው አሽካኩ። ያሽካኩ። ሊቀምሱ ሲመጡ እንተያያለን።

አርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ እያየ ፓፏን አወጣች። አንዲት ጎረቤታችን ጮኸች፤ «ውይ አንቺ! ጾም እኮ ነው!»

እናቴ ፓፉን አፏ ላይ ገጠመች። ሳበች፣ እጇን ተይኝ ብላ አነሳች፣ ሴትዮዋ ላይ እንዳፈጠጠች እስከ አስር አፈነች። ከዚያ ተነፈሰች።

«የነፍስ አባቴን አስፈቅጄ ነው። አንቺ እኔን ለመቆጣጠር ማንን አስፈቀድሽ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ምን ታመጣላችሁ።