የእናቴ አንድ ዓይን

ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ እዚህ ቦሌም ሰፈርተኛው ቆሻሻ ያቃጥላል። ዛሬ በ1990 ዓ.ም. ሰማንያ አልፎኝም ጭሱ ሲሸተኝ ልጅ ሳለሁ ብዙ ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ ትዝ ይለኛል።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ጻድቅን በሁለት ዓይን፣ ኃጥእን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሥለው። በዚያ ኅዳር ከቤት እንዳልወጣ ስለተከለከልኩ ቀኑን ሙሉ አባቴ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥዕል አያለሁ። እናቴ ታማ በጎኗ ተኝታለች፤ የሚታየኝ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ደነገጥኩና አገጯን ይዤ ወደ እኔ አዞርኳት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለች።

«ኃጥእ እንዳትሆኚ ነው።»

ሳቋ ሳል ሆነባት። አባቴ ጎትቶ አራቀኝና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ያኔ አልገባኝም።

እናቴ በሳምንቱ ሞተች። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሰይጣንን እንኳ በሁለት ዓይን ሣለ። ቄሶቹ «አስተካክለው» ቢሉት እምቢ አለ። ሥዕሉ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነው።