አመዱ ላይ ያየሁት ሩዝ

ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። ጓዳ ገብቼ ቁጢጥ እልና የድመቷን አመድ በእንጨት እገላልጣለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬ መጨነቅ ከተውኩ ቆይቷል፤ የሚያይ ሰው በቤቱ የለም። ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ናት፣ ታናሿ ዐረብ አገር። ሁለቱም ይደውላሉ፣ ሁለቱም «አባዬ፣ በላህ?» ይሉኛል፣ እኔም በላሁ እላለሁ።

አመዱ የሚጠራቀመው ከከሰል ምድጃዬ ነው። የዘይት ጀሪካን ጎኑን ቆርጬ እሞላላታለሁ፤ እዚያ ላይ ትጸዳዳለች፣ በእግሯ ትቀብራለች። ጠዋት የቀበረችበትን አመድ በጣሳ እዝቅና በጎረቤቴ በር በኩል አልፌ ቦዩ ዳር ካለው ጉድጓድ እደፋዋለሁ።

ይህን ሥራ የወረስኩት ከባለቤቴ ነው። ድመቷም የእሷ ናት። «ድመት ታመምኩ ብላ አትነግርህም፤ አመዷን ነው መጠየቅ» ትለኝ ነበር። ሰገራዋ ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነና ቅርጹን ከያዘ ደህና ናት። ውሃ ከሆነ አንዳችን ወተት ሰጥተናታል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ድመት ወተት ትወዳለች ይላል፤ እሷስ ትወዳለች፣ ሆዷ ነው የማይወደው። እንደ ፍየል በጠጥ ከደረቀ ውሃ ጠምቷታል፤ በሸዋሮቢት ሙቀት ይህ ብርቅ አይደለም። እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ውስጧ የሚደማ ነገር አለ። እኔ በዚህ ሁሉ እስቅባት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ፣ «አንቺ የአመድ ጠንቋይ» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

እሷ ራሷ ስትታመም ያየላት የለም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ሰገራቸው መጥቆር ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ጣራ ጣራውን አየች። ወራት አልፈውት ነበር። የድመቷን ሆድ በየቀኑ እየነገረችኝ የራሷን ደብቃኝ ኖራለች፤ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኳት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሐዘን ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ድመቷ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ ጮኸች፤ አመዷን የሚቀይርላት አልነበረም። እንጨቱን ያነሳሁት ያን ቀን ነው።

አሁን የማወራው ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙበት ጊዜ ነው። እኔ ስጾም ድመቷም አብራኝ ትጾማለች። ለአንድ ሰውና ለአንድ ድመት ሁለት ድስት መጣድ ስለሚሰለቸኝ፣ የምበላውን የሽሮ ፍትፍት አካፍላታለሁ። ሽሮዬ ደግሞ ሽንኩርት የበዛበት ነው፤ ሽንኩርት እዚህ ከማሳው ስለሚመጣ አልሰስትም። በልታ ትወጣለች፣ ከመሸ በኋላ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ሰገራዋ ላይ ሩዝ አየሁ። ሁለት ሦስት ነጭ ፍሬ። በነጋታውም እንደዚያው። እኔ ቤት ሩዝ ከተቀቀለ ከባለቤቴ ተዝካር ወዲህ የለም። ከአጥሩ ማዶ ግን የማሾ ጥራጥሬ የምትነግደው ጎረቤቴ ለማፍጠሪያ ሩዝ በሥጋ ትሠራለች፤ እኔ ሽሮዬን ስበላ ሽታው አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ነገሩ ተገለጠልኝ። ድመቷ ሌላ ቤት አላት። እኔ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ስቀመጥ፣ እሷ ሰው በሞላበት ገበታ ሥር ተቀምጣ ታፈጥራለች።

ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በድመት።

አመዱን ልደፋ ስወጣ ጎረቤቴ በሯ ላይ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች።

«ድመቴን ሩዝ አታብይብኝ» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

«ሩዝ?» አለች ቀና ብላ። «ወላሂ ጋሼ፣ አንድ ፍሬ አልሰጠኋትም። ከደጄም አልደረሰችም።»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ስትበላ አይተው ነው?»

ምን ልበላት? የት እንዳየሁት ለሴት ልጅ በጠዋት አይነገርም። ጣሳዬን ይዤ አለፍኩ። «በጾም ምድር እንዲህ አይናገሩ፣ ጋሼ» ስትል ሰማኋት፤ አልዞርኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድመቷን ቤት ቆለፍኩባት። እኔም መንገዴን ቀየርኩ፤ ጎረቤቴን ላለማየት በጓሮ ዞሬ፣ በሽንኩርት ማሳው ጥግ ጥግ እየሄድኩ አመዱን እደፋ ጀመር። በአራተኛው ቀን ይሁን በአምስተኛው በሬ ተንኳኳ። በድምፅዋ እንጀራ የምትሸጠው የሰፈራችን ሴት እንደሆነች አወቅኩ፤ ዶሮዋ እኔ ግቢ ገብታ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እዚህ ዶሮ የለም!» ብዬ ሳልከፍት ጮህኩባት።

ሩዙ ግን አልቆመም። በር ተቆልፎባት፣ ከእኔ ሽሮ በቀር ምንም ሳትቀምስ፣ ሩዙ በየጠዋቱ አለ። የጀርባዋ አጥንት መቆጠር ጀመረ፣ ፀጉሯ ቆመ፣ ወደ አልጋዬ መዝለልም ተወች። አንድ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አንደኛው የሩዝ ፍሬ ተንቀሳቀሰ። ተኮማተረ፣ ከዚያ ተዘረጋ። ሩዝ አልነበረም።

«አንቺም ልትሄጂብኝ ነው?» አልኳት። በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የባለቤቴን ድምፅ የምታውቅ ነፍስ እሷ ብቻ ናት።

ሰገራውን በፌስታል ቋጥሬ፣ ድመቷን በዘንቢል ይዤ፣ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ከወረፋው ፊት በሬ የያዘ የቀወት ገበሬ አለ፣ ከኋላው ፍየል የሚጎትቱ ሰዎች። «አባባ፣ ምን ይዘው ነው?» አለኝ ገበሬው። «ድመት» ስል ወረፋው በሙሉ ሳቀ። «ፌስታሉስ?» አለ ደግሞ። ፌስታሉን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ፌስታሉን ፈትታ አየችና «ይህ ሩዝ አይደለም፣ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው» አለችኝ። «ከቁንጫ ወይም ከአይጥ ነው የሚይዛት። ሰገራዋን ማምጣትዎ ጥሩ ነው፤ ድመቷን ብቻ ቢያመጡልኝ ገና ፍለጋ ላይ ነበርኩ።» ከዚያ የድመቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን አየች። «ገርጥታለች። ምን ትበላለች?»

«የምበላውን። ሁዳዴ አይደል?»

«ሽሮ? በሽንኩርት?»

«በሽንኩርት።»

«አባባ፣ ድመት አትጾምም። ሥጋ ካላገኘች ትጎዳለች። ሽንኩርቱ ደግሞ ደሟን ነው የሚያበላሸው።» መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ከሦስት ቀን በኋላ አመዷን ይዩት፣ እሱ ይነግርዎታል።»

ባለቤቴ የተናገረች መሰለኝ። እንባዬ ሲመጣ በአቧራው አመካኘሁ።

ሥጋ ፍለጋ ወጣሁ። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ገባሁ። ባለሥጋ ቤቱ ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ቢላዋውን እንደያዘ ደንግጦ «ለራስዎ ነው፣ ቲቸር?» አለኝ። «ለድመት ነው» ስል መሳቅም ማመንም አቃተው። ሥጋውን ቀቅዬ፣ መድኃኒቱን በመሐሉ ደብቄ አበላኋት። ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። ባለቤቴን ልጠይቃት ያልቻልኩትን ሁሉ ይህቺን ጠየቅኋት፤ አመመሽ ወይ፣ የት ጋ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ።

በሦስተኛው ጠዋት እንጨቱን አነሳሁ። ቡናማ ነው፣ ቅርጹን ይዟል፣ ነጭ ነገር የለበትም። እዚያው አመዱ ፊት አለቀስኩ። ለሰው መንገር አማረኝና ለትልቋ ልጄ ደወልኩ። «አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ትንሽ ቴምር ገዝቼ ጎረቤቴ በር ላይ ቆምኩ።

«ይቅር በይኝ። ሩዝ አልነበረም፣ ትል ነው።»

በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ፣ ከሩዙ ነጻ ወጣሁ።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «እኔን የከነከነኝ ግን ሩዙ አይደለም፣ ጋሼ። በዚህ ማለፍ ለምን ተዉ?»

«ተቀይሜሽ ነዋ።»

«እኔ ጠዋት ያን ጣሳ ይዘው ሲያልፉ ካየሁ ደህና አድረዋል እላለሁ። እትዬ ከሞቱ ጀምሮ ጣሳውን ነው የማየው። ጣሳውን ሳጣው መቀመጥ አቃተኝ። እኔ እንዳልመጣ ተቀይመውኛል። እንጀራ ሻጯን ላክኋት።»

«ዶሮዬ ጠፋች ብላ የመጣችውን?»

«ምን ዶሮ አላት! ድምፅዎን እንድትሰማልኝ ነው። ጮኸብኝ ስትለኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

ይግቡ አለችኝ፤ ጾመኛ ስለሆንኩ «ለፋሲካ እገባለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አዛኑ ሲሰማ ድመቷ ሥጋዋን እየበላች ነበር።

በነጋታው ጠዋት እንጨቱን አንስቼ አመዱን ገለጥኩ። ንጹሕ ነው፤ አዳሯን ምንም አላደረገችበትም፣ የሚደፋ ነገር አልነበረም። ባዶውን ጣሳ ይዤ በጎረቤቴ በር በኩል አለፍኩ።