ሩኔ የይለፍ ቃሎቹን ምስማር ላይ የሰቀለ ጊዜ

ግሬስቪክ ወደብ ላይ ባለችው ካፌያችን የሚወራው እንዲህ ነው፦ ጡረተኛው የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌር ሩኔ ኦስትማን፣ የዕድሜ ልክ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ የበጋ ጎጆው የጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ጣላቸው፤ ከዚያ እስከ ወገቡ ገብቶ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አወጣቸው። አንዷ ደግሞ "እስከ አንገቱ ነው እንጂ!" ትላለች። ወሬው እስኪበርድ ድረስ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አንድ ሄሊኮፕተር ገብተውበታል።

እኔ አላመንኩም። አንድም መኪና በሌለበት መንገድ አረንጓዴ እስኪበራ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ዘሎ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ቢያንስ ፈቃድ ሳያወጣ። ስለዚህ ሚስቱን ሲግብሪትንና የጎጆ ጎረቤቱን ቶርስተንን ይዤ ጠየቅኩ።

ሩኔ ወደቡ ላይ የጀልባ ማቆሚያ ቦታ ለማግኘት ዐሥራ ስምንት ዓመት ወረፋ ጠብቋል። ጀልባው ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ኖሮ የበርች ዛፍ በቅሎበታል፤ ዛፉ ላይ ወፎች ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል። ዘንድሮ ግን ተራው ሊደርስ ነው እየተባለ ነበር። ልክ በዚያ ሰሞን ላፕቶፑ ማጣጣር ጀመረ።

ሩኔ አንድም የይለፍ ቃል በቃሉ አያውቅም። ብሮውዘሩ "ላስቀምጥልህ?" ባለው ቁጥር "አዎ" እያለ ነው የኖረው።

"የይለፍ ቃሎቼ የት ነው የሚኖሩት?" አላት ሲግብሪትን።

"ብሮውዘሩ ውስጥ።"

"ብሮውዘሩስ?"

"ላፕቶፑ ውስጥ።"

"ላፕቶፑ ሲሞትስ?"

"አብረው ይቀበራሉ። የጀልባህም ወረፋ አብሮ። ይልቅ ተነሥና ፍላሽ አምጣ!"

ሴቲንግ ከፍተው፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ወደ አንድ ፋይል አውጥተው ፍላሹ ላይ ጫኑ። እዚህ ላይ ብሮውዘሩ አስጠነቀቀ፦ ፋይሉን የከፈተ ማንም ሰው ሁሉንም በግልጽ ያነባል፤ ደህና ቦታ አስቀምጠው። ሩኔ ቤቱን በዓይኑ ቃኘ።

ደህና ቦታ የት ነው? ባንክ? ቅርንጫፉ ከተዘጋ ቆይቷል። መሳቢያ? ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ድንገት ፊቱ በራ። የበጋ ጎጆው ቁልፍ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የሽንት ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። አገር ሁሉ ከሚያውቀው ቦታ የበለጠ ምን ደህና ቦታ አለ? ነድቶ ሄዶ ፍላሹን በክር አስሮ ከቁልፉ ጎን ሰቀለው። ሲመለስ አሮጌውን ላፕቶፕ ውስጡን አጥፍቶ ቆሻሻ መለያ ጣቢያ ወሰደው፤ ገመዱን ከገመድ፣ ባትሪውን ከባትሪ፣ ቀሪውን ከቀሪው ጋር ለይቶ ጣለ። ኅሊናው ንጹሕ ሆነ።

ረቡዕ ደብዳቤ መጣ። ቦታው ተገኝቷል፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን በድረ ገጻችን ገብተው ካላረጋገጡ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል፤ እርስዎም ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋሉ። ሩኔ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

አዲሱ ላፕቶፕ ሐሙስ ደረሰ። ሩኔ "የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ" ቢለው፣ ድረ ገጹ መቀየሪያውን በኢሜይል ልኬልሃለሁ አለው። የኢሜይሉስ የይለፍ ቃል? እሱም ምስማሩ ላይ ነው።

ዓርብ ማለዳ ባልና ሚስት ወደ ጎጆው በረሩ። ቁልፉ አለ። ፍላሹ የለም።

ሩኔ የሽንት ቤቱን በር ዘጋው። ከፈተው። እንደገና ዘጋው።

"ስትዘጋው ነው የሚመጣው?" አለች ሲግብሪት።

ባትሪ አብርቶ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰ። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልተናገረም። እንዳጎነበሰ ቶርስተን ከነሱ ጎጆ የተዋሰውን ሳር ማጨጃ እየገፋ መጣ።

"ቶርስተን፣ እዚህ የተሰቀለች ትንሽ ነገር አላየህም?"

"ጥቁሯን? ማጨጃውን ለማውጣት ቁልፉን ሳነሣ አየኋት። የሆነ ሰው ረስቷት የሄደ መሰለኝ።"

"በሰው ሽንት ቤት ማን ገብቶ ይረሳል?"

"እኔ ምን አውቄ! ሽንት ቤትህን አገር አይደል እንዴ የሚጠቀምበት?"

"እሺ፣ የት አደረግካት?"

ቶርስተን ከላይ እስከ ታች አየው። "አንተ ሰውዬ፣ ተረስቶ የተገኘ ዕቃ የት ነው የሚደረገው?"

ሩኔ መልሱን ያውቀዋል፤ ሮጠ። ዋናው መንገድ ዳር የመንደሩ የፖስታ ሳጥኖች ተደርድረው ይቆማሉ። ባለቤት ያጣ ጓንት፣ የሕፃን ጫማ፣ የውሻ ማሰሪያ፣ ሁሉም ባለቤቱ እስኪያየው እዚያው ይሰቀላል። የሩኔ ባንክ፣ የሩኔ ጡረታ፣ የሩኔ ጀልባ፣ ሁሉም በአንድ ክር ላይ ነፋስ እያወዛወዛቸው ነበር። ከሥሩ "የ"ን የዘለለ የቶርስተን ጽሑፍ፦ "ሩኔ ሽንት ቤት ውስጥ ተገኘ። የማን ነው?" አንድ ደግ ሰው ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ጠቅልሎታል። ሌላው "የኔ አይደለም" ብሎ ጽፏል። ሦስተኛው "የኔም" ብሎ ጨምሯል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ አንብቦታል፤ ካፌያችን ያንን ጉድ ከየት እንዳመጣችው አሁን ገባኝ።

ቤት ሲደርሱ ፋይሉን አዲሱ ብሮውዘር ውስጥ አስገቡት። ለጀልባ ማቆሚያው ግን ሦስት የይለፍ ቃል ተቀምጦ ተገኘ።

"የትኛው ነው?" አለች ሲግብሪት።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሁሉንም አሁን ገና ማየቴ ነው!"

የመጀመሪያው አልሠራም። ሁለተኛውም። ሩኔ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛው ከፈተ፤ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው "አዎ፣ እፈልጋለሁ" የሚለውን ተጫነ። ሲግብሪት ወዲያው ፋይሉን ከፍላሹ ላይ አጠፋችው።

ትናንት ካፌ መጣ። ቡናውንና የቀረፋ ዳቦውን ይዞ መካከላችን ተቀመጠ። አንዱ ጎረቤታችን ይሸት እንደሆነ ሊያረጋግጥ እንደ ዘበት ትንፋሽ ስቦ አፍንጫውን ጨመደደ።

"ሩኔ" አልኩት፣ "ያ የሚወራው የጉድጓድ ነገር..."

"ውሸት ነው" አለ ዳቦውን እየቆረሰ። "ጉድጓድ አልገባሁም። ዘንግ አልያዝኩም። ሄሊኮፕተር አልመጣም። የይለፍ ቃሎቼን ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንድም ነገር አልጠፋብኝም።"