ፊቱን ያላዩት ዳኞች

አዲስ የታተመ ወረቀት ሲሸተኝ በስደት አገር ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። አባቴ ያለ አግባብ ከሥራ ተባረርኩ ብሎ ከስሶ ተረታ፤ ይግባኝም አለ። ጉዳዩን ሦስት ዳኞች ሊያዩት ነው የተባለ ዕለት ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ አዲስ የታተመውን ወፍራም የይግባኝ ጥራዝ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃውን ጠበቀ። ጠበቃው ግን ደወለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴ የአገሩን ቋንቋ ስለማይችል የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ።

«አባዬ፣ አትምጣ ነው የሚለው። ሦስቱ ዳኞች የፊተኛው ዳኛ የሰማውን ከወረቀት ላይ ያነቡታል እንጂ አንተን አይጠሩህም።»

«ፊቴን ሳያዩ?»

ጠበቃውን ጠየቅኩት። «አዎ» አለ። አባቴ ክራቫቱን ሳይፈታ እዚያው እንደተቀመጠ አመሸ።

ዛሬ ጠበቃ ሆኜ፣ መሃል ከተማ ሚድታውን ባለው ቢሮዬ ውስጥ የሰው ይግባኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለጉዳዩ ሲገባ፣ አንዲት ቃል ከመጻፌ በፊት፣ ፊቱን ደህና አድርጌ አየዋለሁ።