ቀልቤና ከልቤ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ላፕቶፕ ኪቦርድ ላስቀይር ሄጄ ጠጋኙ «ይተዉትና ነገ ይውሰዱት» ሲለኝ፣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ አፈረችብኝ። ትፈር፤ እኔ አንዴ ትቼ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ያኔ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ጅዳ ያለችው እህቴ አሮጌ ላፕቶፕ ልካልኝ ነበር። አባቴ ሸህ ናቸው፤ ያን ክረምት ታመው ከአልጋ ዋሉና አዲስ መንዙማ ይደርሱ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ እሳቸው ይሉልኛል፣ እጽፋለሁ። ለሌላ ሰው አላሉትም።

«ለዱዓ ስንሰባሰብ ለሐድራችን ይሁን እንጂ ገበያ እንዳይወጣ» አሉኝ። «አደራ፣ አንቺው ዘንድ ይቅር።»

እኩሌታው ላይ «ቀ»ን የሚጽፈው ቁልፍ ሞተ። ኋላ አርመዋለሁ ብዬ በ«ቀ» ቦታ «ከ» እየመታሁ ቀጠልኩ። ቁርአንን «ኩርአን» ብዬ ስጽፍ አስተግፊሩላህ እያልኩ ነበር።

ሰይድ አብሮ አደግ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ሲከፍት ዱዓ ያደረጉለት አባቴ ናቸው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ኪቦርዱ ከደሴ እስኪመጣ ላፕቶፑ እሱ ዘንድ ሰነበተ። ቀይሮ ሲመልስልኝ ከሸህ ልጅ ብር አልቀበልም፣ ዱዓቸው ይበቃኛል አለ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ደግመው መረቁት። እኔም ቁጭ ብዬ «ከ»ውን ሁሉ ወደ «ቀ» መለስኩ።

ገብሱ በሚታጨድበት ሰሞን ከአቀስታ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር አዲስ የመንዙማ ካሴት ከፈተ። «ከልቤ አለ መዲና፣ እግሬ ባይደርስ እንኳ» ይላል። አባቴ ያሉት «ቀልቤ አለ መዲና» ነው፤ ቀልባቸው ቀድሟቸው ሄዶ ነበር። «ከልቤ» የሚል በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሰይድ ዘንድ የሰነበተው፣ ቁልፉ የሞተበት ላፕቶፕ ውስጥ።

ከመኪናው ወርጄ በቀጥታ ሱቁ ገባሁ። ሰይድ አልካደም።

«ይህን የመሰለ ቃል ተደብቆ ይቀራል እንዴ? ሰው ይስማው ብዬ ነው።»

የካሴቱ ልባስ ላይ ግን ግጥም ደራሲ ተብሎ የታተመው የራሱ ስም ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉት ተረት ያን ቀን ገባኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ መንዙማውን ከጎረቤት ሰምተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። እያለቀስኩ የሰይድን ሥራ ነገርኳቸው።

«ለሰይድ መች አደራ ሰጠሁ?» አሉ። «የሰጠሁት ላንቺ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አንዲት መስመር አላሉልኝም። በበልጉ ሞቱ።

ዘንድሮ በመውሊድ ልጃገረዶች ያንኑ መንዙማ ሲሉ ሰማሁና «ቀልቤ ነው» አልኳቸው። አንዷ በአክብሮት ጠጋ ብላ፣ «አይ እማማ፣ ተሳስተው ነው፤ ከልቤ ነው የሚለው» አለችኝ። ሌሎቹም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይድን አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ ለሰው። አላልኩትም።