ዘበኛዋና አባቷ

የሥራ ባልደረቦቿ «ዘበኛዋ» ይሏታል። የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ሳትፈቅድ ዝንብ እንኳ አያልፍም። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። መምህሯ ስለ ኢንተርኔት ማከፋፈያው ሳጥን፣ ስለ ራውተር፣ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ «ራውተር የሰጣችሁትን ሕግ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። የላይኛው ከገጠመለት የታችኛውን ዞር ብሎ አያየውም።» እሷ ይህን በልቧ ይዛዋለች፣ ለጓደኞቿም ታስረዳለች።

አባቷ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሌላ ከተማ ብቻውን ይኖራል። ጆሮው ከከዳው ቆይቷል፣ ስልክ አይረባውም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ምሽት ምሽት በቪዲዮ ከንፈሯን እያነበበ ያወራታል። መጀመሪያ የሚጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በልተሻል?»

ፈተና ደርሶ ጭንቅ ላይ ሳለች አንድ ምሽት «አባዬ፣ ዛሬስ ተወኝ፣ ላጥናበት» ብላ ቆረጠችበት። ወዲያው ደግሞ የተማረችውን ልትሞክር፣ የአባቷን ራውተር ጥበቃ ከሩቅ ማጥበቅ ጀመረች። በችኮላ «ሁሉንም ከልክል» የሚለውን ከላይ፣ የአባቷንና የራሷን ፈቃድ ከታች ጻፈች። መስመሩ ድርግም አለ። እጇን በእጇ ቆረጠች፤ ከውጭ ሆና የምትከፍትበት ቀዳዳ እንኳ አልቀረላትም።

ያስጨነቃት ራውተሩ አልነበረም። ከዚያ ንግግር በኋላ «ልጄ ዘጋችብኝ» ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል? ጎረቤት ብትልክበት «ያን የጠፋ ስክሪን እያየ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ስንነግረው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ የገባው አይመስልም» አሏት። ፈተናው በማግስቱ ነበር፤ እሱን ትታ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች።

ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ፊት ለፊቱ ቆማ ቀስ እያለች «አባዬ፣ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለችው።

«ሥራ ቢበዛባት ነው የዘጋችው አልኩ» አለ። «ስትከፍቺው እንዳታጪኝ ብዬ ነው።»

ዘበኛዋ እዚያው ቆማ አለቀሰች። «አውቄ አይደለም የዘጋሁብህ። ተሳስቼ ነው።»

«ዘበኛም ይሳሳታል እንዴ?» አለና ሳቀባት።

ላፕቶፗን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘች። አባቷ መነጽሩን አድርጎ ከአጠገቧ ተጎለተ።

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ክልከላውን ከላይ፣ አንተን ከታች ጽፌህ ነው። አንተ ጋ ሳይደርስ ቀረ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ከሁሉም በላይ ነህ።»

«እሱን በዓይኔ ልየው። በይ ጓዳ ግቢና ደውዪልኝ።»

ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፣ በስልኳ ደወለች። አባቷ የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። በመካከላቸው አንዲት ግድግዳ ብቻ ነበረች፤ እሱ ግን ሩቅ አገር እንዳለች ሁሉ ትክ ብሎ አያት።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም» አለች፣ እንዲያነበው ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ።

«እንግዲያው ሁለት ሳህን ይዘሽ ውጪ።»