የአስቴር አባት ባልጩት

ሲቀላ ገበያ ቆዳ የጫነ አይሱዙ አጠገቤ ሲያልፍ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና አሮጌው ቅናቴ ተቀሰቀሰ።

ልጅነቴ ጨንቻ ነው። አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ የሰው ልጅ የመጀመሪያ መሣሪያ ድንጋይ መሆኑን በጠመኔ እየሳለ ያስተምረን ነበር። የጓደኛዬ የአስቴር አባት ግን ቆዳ ፋቂ ነበሩና ያኔም የሚፍቁት በባልጩት ድንጋይ ነበር። ሙያቸው ስለሚናቅ ጎረቤቱ ከቤታቸው ውሃ እንኳ አይጠጣም። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ደጃቸው ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እሳቸው ሲፍቁ በካሜራ ሲቀርጿቸው ዋሉ። አባቴን ማንም ቀርጾት አያውቅም። በቅናት ድብን አልኩ።

በማግስቱ ከነአስቴር ቤት አንዱን ባልጩት ሰርቄ ስወጣ አባቷ በር ላይ ያዙኝ። አልተቆጡም።

«ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?»

«የጥንት ሰው መሣሪያ ነዋ! ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል» አልኩ እያለቀስኩ።

ሳቁ። «ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የጠረብኩት። ውሰጂው፣ ነገ ሌላ እጠርባለሁ።»

ባልጩቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በቀደም ልጄ አገኘችውና «የማን ነው?» አለችኝ።

«የጥንት ሰዎች» አልኳት። የአስቴርን አባት ልጠራ ብል ምላሴ እምቢ አለኝ።